አሮጊቷ ለምን ታጨሳለች?

ሰኞ፣ በ3

መብራት ጠፍቷል። ማከፋፈያው ተቃጥሎ ነው፣ ሁለት ወር ይፈጃል አሉ። ሁለት ወር ካሉ አራት ነው።

ስለዚህ አሮጊቷን ከጓሮ ቀሰቀሷት። አሮጊቷ የሚሏት የልብስ ማጠቢያ ቤታችንን ጄኔሬተር ነው። እኔ እዚህ ከመቀጠሬ በፊት የተሠራች፣ ሦስት ቦታ የተበየደች፣ ናፍጣ እንደ ውሃ የምትጨልጥ ብረት ናት። ጠዋት ስትነሳ አንድ ሁለቴ ጥቁር ጭስ ትተፋና ትረጋለች። እኔም ጠዋት ጠዋት እንዲያው ነኝ። እኔን ግን አሮጊት የሚለኝ የለም፤ ፊት ለፊቴ ማለቴ ነው።

የሚያንቀሳቅሳት አማቼ፣ የልጄ ባል ነው። እኔ «ዶክተሩ» እለዋለሁ። የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቷ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣታል። ልጄን እንዲህ ሲያዳምጣት አይቼ አላውቅም።

ይህን ደብተር የሰጠኝ እሱ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው። ይኸው ጻፍኩት፤ አንድ ጊዜ ይበቃል። በስልሳ ዓመቴ፣ በምሳ ሰዓት፣ የጄኔሬተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ጥላሸቱን በጣቱ እየጫረ። ጣቴ ለምን እንደጠቆረ ሲጠይቁኝ «ምድጃ ነው» እያልኩ ሁለት ዓመት ዋሸሁ።

ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቅ ቤቴ የመጣ ዕለት «ናፍጣ ናፍጣ ትሸታለህ» ብዬው ነበር። ይኸው ሰባት ዓመቱ፣ እጁን ሁለቴ ሳይታጠብ በሬን አያልፍም። ቂመኛ።

ቅዳሜ፣ በ8

ቅዳሜ ዶክተሩ በርሜል ጭኖ የሳምንቱን ናፍጣ ሊያመጣ ይሄዳል። አሮጊቷ ግማሽ ቀን ታርፋለች።

ሊሄድ ሲል ጠራኝ። «እማማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ይህችን የአየር ማጣሪያ ግድግዳ ላይ መታ መታ አድርገው ያራግፉልኝ። በአየር የምነፋበት መሣሪያ ተበላሽቷል።»

ማጣሪያዋ የባልዲ ያህል ክብ ናት፤ ዙሪያዋን እንደ ሽንሽን ቀሚስ የታጠፈ ወፍራም ወረቀት። አሮጊቷ የምትተነፍሰው በሷ ነው አለኝ።

ማራገፍ! ሠላሳ አንድ ዓመት አንሶላ ያጠብኩ ሰው ላራግፍ? ከእጄ ተራግፎ ብቻ የወጣ ነገር የለም። ሙቅ ውሃ፣ የዱቄት ሳሙና፣ በየሽንሽኑ መሐል የጥርስ ብሩሽ። የወጣው ውሃ ቀለም ነው የሚመስለው። ሦስቴ አለቀለቅኳት። ፀሐይ ላይ አሰጣኋት። ሲመለስ ቦታዋ ገብታ ክዳኗ ተዘግቷል።

«አራገፏት?»

«አራገፍኳት።»

ዝርዝሩ ምን ይሠራለታል?

ሰኞ፣ በ10

ጭስ። ዛሬ ስትነሳ ብቻ አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ። አርባ አንሶላ ከገመድ አውርደን ደግመን አጠብን። የጭስ ማውጫው ቱቦ ግድግዳውን ይዞ ሽቅብ ወጥቶ ልክ የልብስ ማስጫው ጣሪያ ጫፍ ላይ ያበቃል። ማን እንዲህ እንደሠራው አላውቅም፤ አንሶላ አጥቦ የማያውቅ ወንድ መሆኑን ግን አውቃለሁ።

እጄ ዝሏል። ይብቃኝ።

ረቡዕ፣ በ12

አሁንም ጭስ። እንደ ጥቁር ጥጥ እየተጠቀለለ ይወጣል፤ ነፋስ ካለ ወደኛ፣ ነፋስ ከሌለም ወደኛ። ስናስነጥስ መሐረባችን ይጠቁራል።

ሬዲዮ አብራኝ የምታጥበው ሴት ናት። ማጥፊያዋ የት እንዳለ እስካሁን አልተገኘም። «እትዬ፣ አማችሽ ምን ነክቶት ነው? ባለፈው ሳምንት ደህና አልነበረች?» ትለኛለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እሱን ጠይቂው» አልኳት።

ጠየቀችው። «ምናልባት ናፍጣው ቆሻሻ ይሆናል» አላት። ሁልጊዜ ጥፋቱ የናፍጣው ነው።

ቅዳሜ፣ በ15

ማጣሪያዋ ከባለፈው ብሳ ጠቁራ አገኘኋት። ጭሱን መልሳ ትስበዋለች መሰለኝ። ሰነፍ ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እኔ በረኪና ጨመርኩ። ሁለቴ ዘፈዘፍኩ፣ ቆሞ የቀረ ነጥብ የለም።

ወረቀቱ ግን ከመታሸቱ ብዛት ልሞ እንዳረጀ ጨርቅ ተንጠለጠለ። እንዲህ ሆኖ ቢገባ ሰው ምን ይላል? ለሸሚዝ ኮሌታ ማጠንከሪያ የምናደርገውን አሚዶ በጥብጬ አቀመስኩት። ሽንሽኑን አንድ በአንድ በጣቴ አቆምኩ። ሲደርቅ እንደ ሙሽራ ኮሌታ ቀጥ አለ። ሬዲዮ ከደረጃው ላይ ቆማ ስታየኝ ነበር። «እትዬ፣ ደግሞ የሞተር ዕቃ በአሚዶ ይታጠባል?» አለች።

«አንቺ ካልሲ በቅጡ አጥበሽ ከጨረስሽ በኋላ ትመክሪኛለሽ።»

ማክሰኞ፣ በ18

ሰማይ ያለ አልመሰለኝም። አሮጊቷ ስትነሳ ጣሪያው ላይ እርስ በርሳችን አልተያየንም። መንገደኛ ከታች ቆሞ ይሳደባል፤ ሬዲዮ ደግሞ ከላይ ሆና መልስ ትሰጣለች።

የምናጥብለት ሆቴል አንሶላውን መለሰ። አንድ እንግዳ ነጭ ሸሚዙን አልጋው ላይ ጥሎ ሲያነሳው ጀርባው እንደ ሜዳ አህያ ሆኖ አገኘው አሉ። ሥራ አስኪያጃችን ወረደ። «ከረባት» የምንለው እሱ ነው፤ በዚህ እንፋሎት ውስጥ አንገቱን አስሮ የሚውል እሱ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ካውያ ክፍል ውስጥ ጎንበስ ሲል ጫፉን ከአንሶላ ጋር ተኩሰንለታል። ከረባቱ ከባለቤቱ የተሻለ ሐሳብ አለው።

በሁላችንም ፊት ዶክተሩን እንዲህ አለው፦ «እስከ ወሩ መጨረሻ። ጭሱ ካልቆመ አንተ ትቆማለህ።»

ዶክተሩ «አዲስ ማጣሪያ ይገዛልኝ» አለ።

«ያለውን አጽዳ!»

እሱስ ይጸዳል። በማን እጅ እንደሚጸዳ ቢያውቅ።

ሐሙስ፣ በ20

ማታ ከዕቃ አጠባ በኋላ ልጄ ኩሽና ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተናገረች። እንዲህ ስታደርግ ክፉ ነገር እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ጥርሷ የተሰበረ ጊዜም ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የነገረችኝ።

«እማዬ፣ እሱ ከወጣ እዚህ ሌላ ጄኔሬተር የለም። ወንድሙ የድንጋይ መፍጫ ወዳለበት ከተማ ና ብሎታል። እኛ እንሄዳለን።»

«እኛ ማነው?»

«እኔና እሱ ነን እማዬ። ማን ይሆናል ሌላ?»

«ሂዱ» አልኳት። «ክፍሉን አከራየዋለሁ።»

አላለቀሰችም፤ ሳህኑን ብቻ ሦስት ጊዜ አጠበችው። እኔም አላለቀስኩም። የድንጋይ መፍጫው ያለበት ከተማ በአውቶቡስ አንድ ቀን ተኩል ነው። ጠይቄ አይደለም፣ ድሮ የሰማሁትን ነው።

ሰባት ዓመት ሙሉ ይውጣልኝ ስል የኖርኩት ሰውዬ ሊወጣልኝ ነው። ደስ ይለኛል። ደስ ይለኛል ብዬ ሁለቴ ጻፍኩ፤ አንዱን ልሰርዝ ነበር፣ ግን ቀለም ማባከን ነው።

በጎን ያለው ክፍል ውስጥ ያስላል። ጠዋት ማታ ከጭሱ አጠገብ የሚቀመጠው እሱ ነው። ያን ያህል ጮክ ብሎ ማሳል ግን አያስፈልግም።

ቅዳሜ፣ በ22

ዛሬ ሳይሄድ ማጣሪያዋን አወጣት። አገላበጣት። አፍንጫው ላይ አደረጋት። ከዚያ እኔን አየኝ። ዓይኑ አሞራ ይመስል እጄ ላይ ቆየ፤ ቆዳዬ ከበረኪናው ተላልጧል።

«እማማ፣ ዛሬ ይተውት። እኔ ራሴ ስመለስ አራግፋታለሁ።»

«እኔ እያለሁ? ሞቻለሁ ማለት ነው?»

«የለም፣ እንዳይደክሙ ብዬ ነው።»

«የደከመውስ ማን እንደሆነ ጭሱ ይናገራል!»

አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ሄደ። እንዲህ ነው እሱ፤ ነገር ጀምሮ አይጨርስም። አጠብኳት። አሚዶውን አወፈርኩት።

ዛሬ ከእንፋሎቱ ክፍል ሬዲዮ ለካውያዋ ሴት ስታንሾካሹክ ሰማሁ። «አማቿን እኮ በእጇ እያስወጣችው ነው፤ ማን ይንገራት?» ትላለች። ስለማን እንደምታወራ አልገባኝም። ሰው የሚያማበት ሲያጣ ፈጥሮ ያማል።

ሰኞ፣ በ24

ጭስ። አንሶላ ስልሳ። እጅ የለኝም።

ዓርብ፣ በ28

ዶክተሩ ሦስት ቀን ፖምፓዋን ፈታ፣ ገጠመ። ናፍጣውን በጨርቅ አጠለለ። አንዴ ጭሱ ሊቀንስ ነው ሲባል ጉልበቷ ጠፋና ማጠቢያዎቹ ቆሙ። ከረባት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጮኸ፤ ከረባቱ ብቻ ተንጠልጥሎ ይታያል። ሰኞ ከውጭ መካኒክ ይመጣል፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እሱ ይለያል አለ።

ይምጣ። የዶክተሩን ሥራ የሚያውቅ ሰው አይቶ ይፍረድ።

ሌሊቱን ግን በደንብ አልተኛሁም። በአንሶላው ምክንያት ነው።

ቅዳሜ፣ በ29

ከነገ ወዲያ እንግዳ ሰው ሊያያት አይደል? ከመቼውም በላይ አሳመርኳት። ብሩሹ አለቀ።

ሰኞ፣ በ1

መካኒኩ አጭር፣ መዳፈ ሰፊ፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። ሁላችንም ጓሮ ወጥተን ቆምን። እኔ ጓሮ ባለችው ትንሽ ገመድ ሥር አንሶላ እየሰቀልኩ ነበር።

አሮጊቷን አስነሳ፣ ጭሱን አየ፣ አጠፋት። ፖምፓ አልነካም። ቀጥ ብሎ የማጣሪያውን ክዳን ከፈተ። ማጣሪያዋን አውጥቶ በጣቱ አጥንት መታት። ቋ፣ ቋ አለች። በር እንደማንኳኳት ነው።

«ይህ ወረቀት ነበር፤ አሁን ጣውላ ነው» አለ። «ማነው እንዲህ ያደረገው? አየር በየት ይግባ? ናፍጣ አየር ሲያጣ ግማሹ ሳይነድ ይቀርና ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ሞተሩ ደህና ነው። አፍናችሁት ነው።» ጎንበስ ብሎ አሸተተ። «ሳሙና! ይህ ነገር ታጥቧል። የወረቀት ማጣሪያ ይታጠባል እንዴ? ደግሞ... ይህ ምንድነው፣ አሚዶ?»

ከረባት ዞሮ ሁላችንንም አየን። «ማነው?»

ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች።

«እኔ ነኝ» አለ አማቼ።

«አንተ? አሚዶ አድርገህ?»

«አዎ። የሚጠነክር መስሎኝ።»

ሰው ሳቀ። ትልቅ ሰው፣ ሞተር ሲያዳምጥ የሚውል ሰው፣ እንደ ጅል ተሳቀበት። ከረባት ሥራህ አብቅቷል አለው። ዕቃውን በጨርቅ ጠቀለለ። በአጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየኝም።

መናገር አልቻልኩም። አፌ ውስጥ ሁለት የልብስ መቆንጠጫ ነበር፤ አንሶላ ስንሰቅል ሁልጊዜ በአፋችን ነው የምንይዘው።

ማክሰኞ፣ በ2

ልጄ ሻንጣ አውጥታ አልጋ ላይ ዘርግታለች። ዓርብ ሊሄዱ ነው። እሱ የአልጋውን ብሎን እየፈታ ነው።

አዲስ ማጣሪያ ተገዝቶ አሮጊቷ ሰው ሆናለች። ጭሷ እንደ ማሰሮ እንፋሎት ነው፣ ይታይ አይታይ። አንሶላው ነጭ። አዲስ የተቀጠረ ሰውዬ አጠገቧ ተቀምጦ እንቅልፉን ይተኛል። አያዳምጣትም።

ታጥቦ የሚበላሽ ነገር አለ ብሎ የነገረኝ ማን ነው? ማን? ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ታጥቦ የተበላሸ ነገር አላየሁም፤ ከአንድ የሱፍ ካፖርት በስተቀር። እሱም የሬዲዮ ጥፋት ነው። ግማሹ የሬዲዮ።

ረቡዕ፣ በ3

መቆንጠጫ ይተፋል። አንድ ትንፋሽ ነው የሚፈጀው። ዛሬ ሞክሬ አየሁት፤ ፊት ስንት ጊዜ እንደተፋሁት፣ ሬዲዮን ለመሳደብ ብቻ በቀን ስንት ጊዜ እንደምተፋው ቆጠርኩ። መቁጠር አቃተኝ።

ልጄ ዛሬም ጀርባዋን ሰጥታኛለች፤ የሚነገር ነገር ግን የላትም።

ነገ እገባለሁ። ከረባት ጋ።

ሐሙስ፣ በ4

ይህን የምጽፈው በአንሶላ መረከቢያ ወረቀት ጀርባ ነው። ደብተሩ ከረባት እጅ ነው።

ገባሁ። «ማጣሪያዋን ያጠብኳት እኔ ነኝ» አልኩት።

እንኳን ሊቆጣ፣ ፈገግ አለ። «እናቴ፣ ይገባኛል። ልጅዎ እንዳትሄድብዎ ነው። የእርስዎን ቦታ ሆኜ እኔም እዋሽ ነበር።»

እናቴ ይለኛል። እናቱ ብሆን በሕፃንነቱ አንገቱን ከማሰር አስጥለው ነበር።

«አልዋሸሁም። አራት ቅዳሜ አጠብኳት። በሳሙና፣ በበረኪና፣ በአሚዶ።»

«ማስረጃ አለ?»

ሬዲዮን ጥሩ ልለው ነበር። ሬዲዮ ግን ለኔ ስትል ዝም ብላ ነው የሰነበተችው፤ እሷንም አብራ ልታስወጣ ይችላል። ስለዚህ ደብተሬን ከጉያዬ አወጣሁ። የቅዳሜዎቹን ገጽ ጫፋቸውን አጥፌ ነበር። እሱ ግን እንደ ሕፃን ያገኘውን ገልጦ ጀመረ።

«'ከረባቱ ከባለቤቱ... የተሻለ ሐሳብ አለው።' ይህ እኔ ነኝ?»

«እሱ የማክሰኞ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜውን ያንብቡ።»

አነበበ። ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እኔ ያንን ከተውኩ ዓመት አልፎኛል። አንዱን ቅዳሜ አነበበ፣ ሌላውን አነበበ፣ አሚዶው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ለምን?»

«ልሞ ነበር።»

ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። ከዚያ ሐሙስን አነበበ፣ እኔ ያላጠፍኩትን፣ የልጄን። እዚያ ላይ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

«አማችዎ ሰኞ ይግባ። እርስዎ ግን...»

«አውቃለሁ።»

«ገና አልተናገርኩም።»

«ይናገሩት እንግዲህ።»

ተናገረው። ደብተሩን ለማጠቢያ ቤቱ ባለቤት ካላሳየሁ አያምነኝም፣ ነገ ይመለስልዎታል አለ። ወጥቼ የሥራ ሽርጤን ሰቀልኩ። ሬዲዮ ደረጃው ላይ አቅፋኝ ጆሮዬ ውስጥ አለቀሰች። ለማልቀስም ያን ያህል ድምፅ ያስፈልጋታል።

ቤት ስደርስ ሻንጣው እንደተዘረጋ ነው። ለልጄ ጀርባዬን ሰጥቼ ነገርኳት።

ቅዳሜ፣ በ6

አልሄዱም። አልጋው መልሶ ተገጥሟል፤ አንድ ብሎን ጠፍቶ ሲገላበጡ ይጮሃል።

ደብተሩን ትናንት ማታ ያመጣልኝ አማቼ ነው። ከረባት በሱ እጅ ነው የላከው። ጋዜጣ ጠቅልሎበት፣ እንደተለመደው እጁን ሁለቴ ታጥቦ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ከፍተኸዋል?» አልኩት።

«አልከፈትኩም።»

«ዋሸህ።»

«አዎ።»

ተቀመጥን። ልጄ ሾርባውን አቀረበች። እኔ የሠራሁት ነው፤ ሥራ ፈት ሆኛለሁና ቤቱን ከነጣሪያው አጥቤ ጨርሼ ሾርባ ላይ ደርሻለሁ።

«ያኔ ለምን እኔ ነኝ አልክ?»

«እኔ ሌላ ሞተር አላጣም። እርስዎ በዚህ ዕድሜ የት ይሄዳሉ ብዬ ነው።»

«ዕድሜዬን ማን ጠየቀህ?» አልኩና ቆምኩ። ሌላ ልጠይቀው የፈለግኩት ነገር ነበር። «ማጣሪያዋ መታጠቧን መቼ አወቅህ?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ። ሳሙናው ይሸታል።»

«ከዚያን ጊዜ ጀምሮ? ሥራህ ሊሄድ፣ ልጄን ይዘህ ልትሄድ፣ 'እማማ፣ አይታጠብም' ማለት አቅቶህ?»

ማንኪያውን እንደገና አነሳ። ልጄ ናት የመለሰችው። «እማዬ፣ አንቺን ማን ደፍሮ ይናገራል?»

የተናገረችው ፊት ለፊቴ ነው። ጀርባዋን አልሰጠችኝም።

አንድ ቃል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ሬዲዮ አውቃለች፣ እሱ አውቋል፣ ልጄም አውቃ ኖሯል። አንድ ቤት ሙሉ ሰው፣ አንድ ማጠቢያ ቤት ሙሉ ሰው፣ ከኔ አፍ ይልቅ ያንን ጭስ መዋጥ መርጧል።

ልቆጣ ነበር። ቁጣው እስከ ጥርሴ መጥቶ ነበር።

«እሺ» አልኩት። «ይኸው ተቀምጫለሁ። ሰባት ዓመት ያልተናገርከውን ተናገር። አልሰድብህም።»

ሚስቱን አየ። ሚስቱ ጣሪያውን አየች። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሾርባዎ» አለ፣ «ጨው ይበዛዋል።»

ጨው አይበዛውም።

«ሌላስ?» አልኩት።